ደብዳቤ ለልጄ፦ አረንጓዴና ቀይ ስለቀባሽው ሰንጠረዥ

ለገጣፎ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም፣ ወንድምሽም፣ አያትሽም ሰላም ብለውሻል። በቴሌግራም የላክሽው ሰንጠረዥ ደርሶኛል። ስልኩ ላይ ፊደሉ ስላነሰብኝ አስፋልቱ ዳር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በትልቅ ወረቀት አሳትሜው፣ ሦስት ማታ ማስመሪያና እርሳስ ይዤ ተቀምጬበታለሁ። ከተቀበሉሽ ሦስት የአሜሪካ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች መካከል ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናውን በብዛት ያለፉለትን አረንጓዴ፣ በብዛት የወደቁበትን ቀይ ቀብተሽ፣ «አባዬ፣ እንግዲህ አለቀ አይደል?» ብለሻል። አላለቀም ልጄ። እኔ አርክቴክት ባልሆንም ከተግባረ ዕድ ከወጣሁ ጀምሮ 26 ዓመት በፎርማንነት የአርክቴክቶችን ፕላን መሬት ላይ ሳወርድ ኖሬያለሁና የምለው አለኝ፤ በሚቆራረጥ ስልክ ከምጮኽብሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ እንተማመን። እዚያ አገር የአርክቴክትነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ሲሆን፣ የግዛቶቹን የምዝገባ ቦርዶች የሚያሰባስበው ብሔራዊ ምክር ቤት፣ እናንተ ኤንካርብ የምትሉት፣ ኤ አር ኢ የተባለውን ፈተና ያዘጋጃል፤ የየትምህርት ቤቱን ተመራቂዎች ውጤትም በየዓመቱ ያወጣል። ፈተናው ስድስት ክፍል አለው፤ የቢሮ አስተዳደር፣ የፕሮጀክት አስተዳደር፣ የቅድመ ዲዛይን ጥናት፣ የዲዛይን ዕቅድ፣ የዝርዝር ሥዕልና የሰነድ ዝግጅት፣ በመጨረሻም የግንባታ ክትትልና ግምገማ። ስድስቱም በየራሳቸው ይፈተናሉ፤ በየራሳቸው ይከፈልባቸዋል። እኔም በመጀመሪያው ማታ የስድስቱን ዓምዶች ውጤት ደምሬ ለስድስት በማካፈል ለየትምህርት ቤቱ አንድ ቁጥር አውጥቼ ነበር። ተሳስቻለሁ። በአንዱ ክፍል 60 ጊዜ፣ በሌላው 15 ጊዜ ተፈትነው ሳለ ሁለቱን እኩል መመዘን፣ የሲሚንቶ ኩንታልንና የአሸዋ ባሬላን አንድ ብሎ እንደ መቁጠር ነው።

ከዚህ የባሰ ስህተት ደግሞ አለ፤ አንቺም እኔም ሠርተነዋል። ቁጥሩ የሚቆጥረው ስንት ሰው አርክቴክት እንደሆነ ሳይሆን ከተወሰዱት ፈተናዎች ስንቱ እንደታለፈ ነው። አንዱን ክፍል የወደቀ ሰው 60 ቀን ቆይቶ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ በ12 ወር ውስጥ ለአንድ ክፍል እስከ ሦስት ጊዜ ይፈቀድለታል። እንግዲህ 10 ተመራቂዎች ያሉት አንድ ትምህርት ቤት አስቢ፤ ዐሥሩም እያንዳንዱን ክፍል በመጀመሪያው ወድቀው በሁለተኛው ቢያልፉ፣ ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፍለት 50 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ዐሥሩም ፈቃድ ይዘዋል። ከሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ ከ10 ተመራቂዎች ሁለቱ ብቻ ደፍረው ተፈትነው ሁሉንም ቢያልፉ 100 በመቶ ይጻፍለታል፤ ስምንቱ የት እንደገቡ ግን ሰንጠረዡ አይጠይቅም። አንቺ የትኛውን አረንጓዴ ትቀቢያለሽ?

እናትሽ ይህን ሳነብላት ሳቀች። ቀድሞ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፍ እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ሁልጊዜ 8ኛ «ሀ» ነበር የሚያሸንፈው። ምስጢሩን የሚያውቁት መምህራኑ ብቻ ነበሩ፤ ደጋሚዎቹንና ዘግይተው የተመዘገቡትን በሙሉ መስከረም ላይ 8ኛ «መ» ያስገቧቸዋል። የ«መ» መምህርት እናትሽ ነበረች፤ ስሟ አንድም ቀን ግድግዳው ላይ አልወጣም።

ይህ ነገር በአገራችንም በትልቁ ታይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ሲውል፣ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ ከመቶ 17 ያህሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ «የግል ኮሌጅ አያስተምርም» ብሎ ደመደመ። ከመካከላቸው የማያስተምሩ አይጠፉም፤ አልከራከርም። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ከፍተኛ ውጤት ያለውን ቀድመው የሚወስዱት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ከግሉ ተማሪ ደግሞ ብዙው ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚማር ነው። ልዩነቱ ውስጥ ስንቱ የአስተማሪው፣ ስንቱ ደግሞ ተማሪው ይዞት የገባው እንደሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ብቻቸውን አይለዩልሽም። የአንቺም ሰንጠረዥ አይለይልሽም። እንዲያውም የአንቺ ይብሳል፤ የእኛው ፈተና ትምህርቱ እንዳለቀ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዚያ ግን ሰው የሚፈተነው በአብዛኛው ቢሮ ውስጥ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ለፈቃዱ ከፈተናው ሌላ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ኮሌጅ ከተገባበት ቀን ፈቃድ እስከሚያዝበት ድረስ በአማካይ 13 ዓመት ያህል እንደሚፈጅ ምክር ቤቱ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ዘንድሮ የተፈተነው ሰው ከተመረቀ ዓመታት ያለፉት ሊሆን ይችላል፤ ያስተማሩትም ምናልባት ጡረታ ወጥተዋል። በመካከሉ የሠራበት ቢሮ የፈተናውን ክፍያ የሚከፍልለትና ለጥናት ፈቃድ የሚሰጠው ነበር ወይስ እስከ ሌሊት የሚያሠራው? ይህም በዚያው ቁጥር ውስጥ ተቀብሯል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በዝምታ ላልፈው አልወደድሁም። ምክር ቤቱ የጥቁር ተፈታኞች የማለፍ መጠን ከነጮቹ ያነሰ መሆኑን በይፋ ያወጣል፤ በአገሪቱ ፈቃድ ካላቸው አርክቴክቶች ጥቁሮቹ ከመቶ 2 ያህል ብቻ ናቸው። ጥቁር ተማሪዎችን በብዛት ያስተማረ ትምህርት ቤት ቁጥሩ ዝቅ ቢል፣ ከክፍያው፣ ከጥናት ጊዜውና ከቢሮው ድጋፍ የቱ እንደጎደለ ሳትጠይቂ ቀይ መቀባት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። አንቺም ነገ ከእነዚያው ተፈታኞች አንዷ ነሽ።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ጨርሶ አይረባም ማለቴ አይደለም። የሚያወጡት በከንቱ አይደለም፤ ለአርክቴክቸር ትምህርት እውቅና ሰጪው ቦርድ ናብም ትምህርት ቤቶቹ ይህን ውጤት ለአመልካች ሁሉ በግልጽ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። አነባበቡ ላይ ነው ነገሩ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የተፈታኙን ብዛት አያለሁ። ስምንት ፈተና ተወስዶ ስድስቱ ቢታለፍ 75 በመቶ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ሰው ጉንፋን ይዞት ቢወድቅ 50 ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱን ትተሽ የአራትና የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ያለማቋረጥ ዝቅ ያለ ቁጥር ካገኘሽ ያን ጊዜ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ቀጥሎ ዓምዶቹን እለያለሁ። የቢሮና የፕሮጀክት አስተዳደሩን ሰው በአብዛኛው የሚማረው ሥራ ላይ ነው፤ ለእነርሱ ትምህርት ቤቱን ብዙም አልወቅስም አላመሰግንም። ዓይኔን የምጥለው በዲዛይን ዕቅዱና በዝርዝር ሥዕሉ ላይ ነው፤ መሠረቱ ስቱዲዮና ክፍል ውስጥ ይጣላልና።

በዝርዝር ሥዕሉ ላይ ይህን ያህል ለምን እንደምደርቅ ልንገርሽ። አምና እዚሁ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ባለ አራት ፎቅ ስንሠራ፣ የደረጃው ፕላን 16 እርከን ያሳያል፤ ሴክሽኑ ላይ፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል ላይ፣ ስቆጥር 18 ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያው ማኅተም፣ ያው ፊርማ አለ። ለባለማኅተሙ ደወልሁ፤ «ጸድቋል እኮ፣ በፕላኑ ሥራው» አለኝ። ሠራነው። ካሳፎርማው ተነሥቶ የመጀመሪያው ቀለም ቀቢ ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ግንባሩን ከቢሙ ጋር አጋጨ። ሜትር አውጥቼ ከእርከኑ እስከ ቢሙ ስለካ 1 ሜትር ከ78 ሆነ። ያን አርማታ በጃክሀመር ሰብረን እንደገና ለመሙላት ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ የቀለም ቀቢውን ሕክምና ከኪሴ ከፈልሁ፤ ባለማኅተሙ አንድም ቀን ሳይቱ ላይ አልታየም። ሰውየው የሙያ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ሰውን አርክቴክት ያደርገዋል ብዬ አላምንም፤ ፕላንና ሴክሽን እንዲስማሙ ያለ ርኅራኄ እያሰረዘ የሚያሠራ መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት ግን በደረትሽ ተስበሽም ቢሆን ግቢበት እልሻለሁ። ስትጎበኚያቸው ኤግዚቢሽን ላይ የተሰቀለውን የሚያምር ሞዴል ትተሽ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሠራውን የዝርዝር ሥዕል አሳዩኝ በያቸው። ከሌላቸው ገብቶሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመውን ወደ ኋላ አስቀረሁት። ናብ እውቅና የሚሰጠው ለትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን ለዲግሪው ነው። ቨርጂኒያ ቴክ እንደሚሰጠው ያለ የ5 ዓመት የአርክቴክቸር ባችለር በቀጥታ እውቅና ያለው ነው፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የ4 ዓመት ባችለር ግን ለብቻው አይቆጠርም፤ እውቅና ያለው ከዚያ በላይ የሚመጣው ማስተርስ ነው። የሁለተኛው መንገድ መጥፎ አይደለም፤ ከአክስትሽ ቤት ተመላልሰሽ መማር ከቻልሽ የቤት ኪራይ ይቀራል። ነገር ግን 4 ዓመት ጨርሰሽ «እንግዲህ ፈተናው» ስትዪ ገና እንደሆነ በኋላ እንዳትደነግጪ። አንዳንድ ግዛት በልምድ ያካክሳል፤ አንዳንዱ አያካክስም። ደግሞ ከመመረቅ በፊት የሥራ ልምዱንና ፈተናውን አጣምሮ የሚያስጀምር አይፓል የሚባል መንገድ ያላቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱ ካሏቸው ጠይቂ።

ለሦስቱም ጽፈሽ ከ6 ዓመት በፊት ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ተመረቀ፣ ከተመረቁት ስንቱ ዛሬ አርክቴክት ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ስንቱስ ፈቃድ ያዘ ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን የሚያውቅ ትምህርት ቤት፣ ቁጥሩ መካከለኛ ቢሆንም፣ ተመራቂዎቹን ይከታተላል ማለት ነው። «ሰንጠረዡን ይመልከቱ» ብሎ የሚመልስልሽን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ብድሩን ደግሞ ከአክስትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በዓመቱ ብዛት አባዙት፤ የእኔ ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

መልስ የምትሰጪበት ቀን በእናንተ ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በእናንተ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደውዪልኝ፤ ዋይፋይ ካለበት ሰው ቤት እሆናለሁ። የአምስቱን ዓመት ውጤት ቀድመሽ ላኪልኝ፤ የተፈታኞቹ ብዛት ያለበትን ዓምድ እንዳትቆርጪው፤ ቀለም አትቀቢው።

አባትሽ