ፈቃድ የጠየቀ ይቀጣል፣ ያልጠየቀ ያልፋል፦ ለሚመለከተው ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩት ኃላፊ፣

ስለ ትርፍ ጭነት ፈቃድና ስለተቀጣነው ቅጣት ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቷል። ማህተም ተመቶበት ቀሪው እጄ ላይ ነው። መልስ ግን የለም። ስደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው» እባላለሁ፤ በአካል ስመጣም ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ስብሰባው መሀል ስልክዎን ሲነካኩ ያዩት ይሆናል።

የመስሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል፣ ኮሪደሩ ላይ ፋይል ታቅፎ የሚጠብቀው ሕዝብም ያውቀዋል።

ሥራዬ የኮንስትራክሽን ማሽን ማከራየት ነው። ኤክስካቫተርና ሎደር በሎቤድ፣ ማለትም ከመሬት ዝቅ ባለ የማሽን መጫኛ ተሳቢ፣ እየጫንን ከሳይት ሳይት እናዘዋውራለን። ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ አሁን ያልተቆፈረ ቦታ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሥራ አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጠፋው ሥራ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ሕጉን ለእርስዎ ላስተምር አልመጣሁም። ግን ይህን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ባጭሩ ልበል። መኪና የሚመዘነው በአክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ ነው። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች የተስማሙበት ልክ እንዲህ ይላል፦ የፊተኛው መሪ አክስል 8 ቶን፣ ነጠላ የጭነት አክስል 10፣ ጥንድ አክስል 16፣ ሦስት የተያያዘ ደግሞ 24። እኛም አባል ነን። ከዚህ በላይ የሚመዝን፣ ሊከፈል የማይችል ዕቃ ሲኖር ልዩ ፈቃድ ይወጣለታል። ትራንስፎርመር፣ የድልድይ ብረት፣ ትልቅ ማሽን። ፈቃድ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚህ ነው። አሸዋ ግን በአካፋ ይከፈላል። ገረጋንቲም እንደዚያው። ትርፍ አሸዋ የጫነ ሰው ፈቃድ ቢጠይቅ እንኳ ሊሰጠው አይገባም። እሱም ይህን ያውቃል፣ ለዚህ ነው የማይጠይቀው።

እኛ ግን ጠየቅን።

የእኛ ሎቤድ ከነሳቢው ባለ ስድስት አክስል ነው። 8፣ 16 እና 24 ሲደመር 48 ቶን ይመጣል። ኤክስካቫተሩ 33 ቶን ነው፣ ባዶው ሎቤድ ከነሳቢው ሃያ ቶን ገደማ። ትርፍ አለ፣ አልደበቅንም። ማመልከቻ ጻፍን፣ ሊብሬ አያያዝን፣ የምንሄድበትን መስመር በካርታ ላይ ቀለም ቀብተን አስገባን። ከዚያ የመስኮት ጉዞ ተጀመረ። አንዱ ጋ «ሲስተም የለም»፣ ሌላው ጋ «የሚፈርመው ሰው ወጥቷል»። አንዱ ባለሙያ ደግሞ ኮስተር ብሎ «ማሽኑን ለሁለት ከፍላችሁ ብትጭኑትስ?» አለን። ባልዲውን ፈተን በሌላ መኪና እንደምንጭን ማመልከቻው ላይ ተጽፏል። ኮንተርዌቱን፣ ከኋላው ያለውን ሚዛን መጠበቂያ ከባድ ብረት፣ ለማውረድና መልሶ ለመግጠም ክሬን ያስፈልጋል፣ ያ ክሬን ደግሞ እዚሁ ቢሮ መጥቶ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ይህን ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ለማንኛውም ነገ ተመለሱ» አለ።

ማሽኑ በዚህ መሀል ቃሊቲ ቆሟል። ኪራይ የለም፣ የኦፕሬተር ደመወዝ ግን አለ።

በስንት ልመና ፈቃዱ ወጣ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ፣ በአጃቢ መኪና፣ በተጻፈው መስመር ብቻ። እሺ፣ ተገቢ ነው፣ ይህን የሚቃወም ሰው አይደለሁም። ከቃሊቲ ተነስተን በሳሪስ አድርገን ወደ ጎተራ፣ ከዚያ በመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ። አጃቢዋ ፒክአፕ ከፊት መብራቷን እያብለጨለጨች፣ ሹፌራችን እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ እያለ፣ ጎተራ ደረስን። እዚያ ላይ ተቆጣጣሪ ቁሙ አለን።

ፈቃዱ ላይ የተሳቢው ታርጋ አንድ ቁጥሩ ተሳስቷል። 3 መሆን ያለበት 8 ሆኗል። ማመልከቻችን ላይ 3 ነው። ሊብሬው ላይ 3 ነው። ተሳቢው ላይ ራሱ 3 ነው። 8 ያደረገው የእርስዎ መስሪያ ቤት ነው። ይህን ሁሉ በባትሪ እያበራን አሳየን። «ፈቃዱ የዚህ መኪና አይደለም» ተባልን። ፈቃዱ የእኛ ካልሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ትርፍ ጭነት የጫንን ሆንን ማለት ነው። ቅጣት።

ቅጣቱ እንኳ ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ እዚያ ቆመን ሳለ ያየሁት ነው።

ሲኖትራኮቹ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው፣ ያ ሲያልፍ ሌላው። ስፖንዳቸው (የጭነት ሳጥናቸው ግድግዳ) ላይ ላሜራ ተበይዶ ከፍ ብሏል፣ ከላሜራው በላይ ደግሞ አሸዋው ተከምሯል። ሸራ የለም። አሸዋው እርጥብ ስለነበር ከኋላው በር ስር ውሃ እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ ቀጭን መስመር እያሰመረ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹ ከታች ተጨፍልቀው ጎናቸው አብጧል። አንደኛው አጠገባችን ፍሬን ሲይዝ የቆምኩበት መሬት ተንቀጠቀጠ። ማንም እጁን አላነሳም። ሹፌራችን አልቻለምና ተቆጣጣሪውን «እነዚህስ?» አለው። የሰውዬውን መልስ እንዳለ ላስቀምጥልዎ፦

«እነሱ መቼ ወረቀት አላቸው? ወረቀት ከሌላቸው ምኑን ልየው?»

ይኸው ነው ክቡር ኃላፊ። ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ቢያልቅም በቂ ነበር። ስህተት ሊገኝበት የሚችለው ወረቀት ያለው ሰው ላይ ነው፣ ስለዚህ የሚያዘው ወረቀት ያለው ሰው ነው። ሲኖትራኩ ምንም ስላልጠየቀ ምንም አልጎደለበትም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ያ ሲኖትራክ ባለ ሦስት አክስል ነው። ፊት 8፣ ኋላ ጥንድ 16፣ በድምሩ 24 ቶን። ይህ ከነመኪናው፣ ከነነዳጁ፣ ከነሹፌሩና ረዳቱ ነው። ገልባጩ የሚሸጠው «ባለ 16 ሜትር ኪዩብ» ተብሎ ነው። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኪዩብ 1.6 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሲረጥብ ይጨምራል። 16 ጊዜ 1.6 ስንት ነው? 25.6። መኪናው ገና ሳይመዘን አሸዋው ብቻውን አልፎታል! ላሜራ ሳይበየድ፣ ሳይከመር፣ ልክ በስፖንዳው ቢሞላ እንኳ። ባዶው መኪና ራሱ ደግሞ ከአሥር ቶን በላይ ነው። ይህ ድብቅ ወንጀል አይደለም፣ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ነው። ሰው አሸዋ የሚገዛው በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ምልልስ ነው፣ ሹፌሩም የሚከፈለው በቢያጆ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ቶን የሚባል ነገር ትዝ የሚለው የለም። በሹፌሩም አልፈርድም። ጎደል አድርጎ ቢጭን ነገ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው።

ትርፍ ጭነት ምን እንደሚያደርግም ያውቃሉ፣ መሐንዲሶች አሉዎት። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው ወታደሮች በጭነት መኪና እየተመላለሱ እስኪበላሽ እንዲነዱበት አደረጉ። የተገኘው ውጤት ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል፦ የአክስል ክብደት ሲጨምር ጉዳቱ በአራተኛ ኃይል ገደማ ያድጋል። 10 ቶን የሚገባው አክስል 12 ቢጫንበት የመንገዱ ጉዳት እጥፍ ነው። 20 ቢጫንበት አሥራ ስድስት እጥፍ። አንድ ሲኖትራክ በአንድ ሌሊት የሚያደርገውን የሰፈሩ የቤት መኪና ተሰብስቦ ስንት ዓመት ቢመላለስ አያደርገውም።

ዋናው መንገድ ለጊዜው አምሮበታል። የኮሪደር ልማቱ አስፋልት ገና አዲስ ነው፣ የብስክሌት መስመሩ ቀለም ተቀብቷል፣ አበባው በየጠዋቱ ውሃ ይጠጣል። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለችውን የውስጥ መንገድ ግን መጥተው ይዩልኝ። ገልባጮቹ ወደ ሳይት የሚገቡት በእሷ ነው። ጎማው የሚረግጥበት ሰምጦ ሁለት ቦይ ሠርቷል፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው እዚያ ይተኛል። የማንሆሉ ክዳን ተሰብሮ ሰፈርተኛው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል፣ ሰው እንዳይገባበት። ያ ቅርንጫፍ እስካሁን ያየሁት ብቸኛው የትርፍ ጭነት ቁጥጥር ነው።

«ሚዛን ጣቢያ አለን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለ፣ ከከተማ ውጭ። ካዛንቺስ ተቆፍሮ ካዛንቺስ የሚጫን አፈር ግን የትኛው ሚዛን ላይ ይወጣል? ከጉድጓዱ ወጥቶ እስኪደፋ ድረስ አንድም ቦታ ማንም አይመዝነውም።

አሁን ደግሞ አስቂኙን ልንገርዎት። ያ በስንት ፍዳ የገባው ኤክስካቫተር በመጨረሻ ሥራ ጀመረ። ሥራው ምን መሰለዎት? ሲኖትራክ መጫን። እነዚያኑ ሲኖትራኮች! ፎርማኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «አንድ ባልዲ ጨምርበት» ይላል፣ ኦፕሬተራችን ይጨምራል። በቃ አትጨምር ብዬ ነበር። ፎርማኑ ሳቀና «ማሽንህን ውሰዳ፣ ሌላ እናመጣለን» አለኝ። ለመውሰድ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገኛል።

የከፈልነው ቅጣት ደረሰኝ አለው። መንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ከገቢ ምንጮቹ አንዱ የትርፍ ጭነት ቅጣት ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ መንገድ ያበላሸ መንገድ ያሠራ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እንደኔ ዓይነቱ በታርጋ ስህተት የተያዘው ብቻ ከከፈለ ያ ገንዘብ የአንድ ማንሆል ክዳን ይገዛ እንደሆነ እንጃ።

ምን ይደረግ ካሉ ብዙ አልልም፣ ምክር አላጣችሁም። ተንቀሳቃሽ ሚዛን የሚባል ነገር አለ፣ ጎማ ስር የሚነጠፍ። አንድ ሌሊት ሳይት በር ላይ አንጥፉት። ቅጣቱ ደግሞ ሹፌሩ ላይ ብቻ አይውደቅ፣ ያስጫነውም ይክፈል፣ የጫነውም ይክፈል። የጫነው የእኔ ማሽን ቢሆንም እከፍላለሁ፣ ቢያንስ ያኔ ፎርማኑን እምቢ የምልበት ምክንያት አገኛለሁ። ፈቃድ ለጠየቀም ቀን ቆርጣችሁ መልሱለት። እምቢ ከሆነም እምቢ በሉት፣ ሌላ አማራጭ ይፈልጋል።

ከእኔ ጉዳይ የምፈልገው ትንሽ ነው። ማመልከቻችንና ፈቃዱ ፋይሉ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። ከፍታችሁ 3ቱንና 8ቱን እዩ። ስህተቱ የእኛ ከሆነ በጽሑፍ ንገሩኝና ዝም እላለሁ። የእናንተ ከሆነ ገንዘቡ ይመለስ፣ በታርጋችን ላይ የተጻፈብን የጥፋት መዝገብም ይሰረዝ፤ ምክንያቱም አሁን እያንዳንዱ መስኮት ላይ «እናንተማ ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ ተይዛችኋል» እየተባልን ነው።

ማሽኑ ካዛንቺስ ያለውን ሥራ ሊጨርስ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል። አዲሱን ማመልከቻ ትናንት አስገብተናል። የተሳቢውን ታርጋ በቁጥርም በፊደልም ጽፈነዋል፦ ሦስት ነው፣ ስምንት አይደለም።