ለልጄ፣ ስለ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ትናንት ማታ ስደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ዛሬም ዝግ ነው። እናትሽ «ተዋት፣ ትረፍበት» ብትለኝም አላስቻለኝም፤ ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ሁለት ወር ሆነሽ። እድገቱ ለጓደኛሽ ሲሰጥ ያኑ ቀን መልቀቂያሽን ጽፈሽ ወጣሽ። መናደድሽን አልፈርድበትም። ግን ባለፈው «አባዬ፣ በ30 ዓመቴ አለቀልኝ» ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ያን ስትይ ወዲያው የመጣብኝ ሰው ብሉኸር ነው። ገብሃርድ ሌበሬሽት ፎን ብሉኸር፣ ፕሩሺያ የምትባለው የድሮ የጀርመን መንግሥት የጦር አዛዥ። እሱም ልክ በ30 ዓመቱ ነው በንዴት የለቀቀው።

ከመኳንንት ቤተሰብ በ1742 ሮስቶክ ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ)። በ16 ዓመቱ ገደማ የስዊድን ሁሳር ሆነ፤ ሁሳር ማለት ፈጣኑ ፈረሰኛ ጦር ነው። ስዊድን ያኔ ከፕሩሺያ ጋር ትዋጋ ነበር። በ1760 የፕሩሺያ ሁሳሮች ማረኩትና አዛዣቸው ልጁን ወደደው፤ እዚያው ለማራኪዎቹ ተቀጠረ። ደፋር ነበር። ግን ቁማር ይወዳል፣ ግልፍተኛም ነው፣ አለቃ አይፈራም።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። በ1772 ፖላንድ ውስጥ ሳለ አመፀኞችን ይረዳል ብሎ የጠረጠረውን አንድ ቄስ የሚረሽነው አስመስሎ አስፈራራው። አስቀያሚ ሥራ ነው፣ አልሸፍንለትም። እድገቱ ሲመጣ ዘለሉት። በቁጣ መልቀቂያውን ላከ። ንጉሡ ታላቁ ፍሬድሪክም «ሻምበል ብሉኸር ከፈለገ ገሃነም ይግባ» ብሎ አሰናበተው ይባላል። አየሽ፣ ተበድያለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ ግን የራሱም እጅ ነበረበት። አንቺ እንደሱ ያለ ነገር አላደረግሽም፣ እሱን አውቃለሁ። ሆኖም ያለፈውን ዓመት ስታስቢ የራስሽንም ድርሻ ብታይው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ 14 ዓመት ገበሬ ሆነ! ፖሜራኒያ ውስጥ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ እርሻውንም ጥሩ አድርጎ ያዘው። መልሱኝ እያለ ቢጽፍም ፍሬድሪክ በሕይወት እያለ የሚሆን አልነበረም። ንጉሡ በ1786 ሞተ፣ እሱም በሚቀጥለው ዓመት በ44 ዓመቱ ሻለቃ ሆኖ ወደዚያው ወደ ድሮ ክፍለ ጦሩ ተመለሰ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው እነዚያን 14 ዓመታት ነው። ጠዋት ጠዋት ማሳውን እያየ ሲሄድ ምን ይል ነበር? የሚያውቃቸው ሁሉ ማዕረግ ሲጨምሩ እየሰማ!

ከዚያም ቢሆን አልቀናውም። በ1806 የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ፕሩሺያን ሲያደቃት ብሉኸር የተረፈውን ጦር ይዞ እየተዋጋ እስከ ሉቤክ አፈገፈገ። በመጨረሻ ራትካው ላይ እጁን ሰጠ። ግን እጁን የሚሰጠው እንጀራና ጥይት ስላለቀበት ብቻ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ካልጻፍኩ አለ፣ ጻፈም። በ1812 ደግሞ ፈረንሳዮችን ይጠላል ተብሎ ከሥራ ተገለለ። ያኔ 69 ዓመቱ ነበር። ማን ይመለሳል ይላል?

በሚቀጥለው ዓመት የሲሌዢያን ጦር ሰጡት። በነሐሴ 1813 ካትስባኽ ወንዝ ላይ፣ ዝናብ ጠመንጃውን ሁሉ አበስብሶት ሳለ፣ የናፖሊዮንን ማርሻል የማክዶናልድን ጦር ሰበረ። በጥቅምት ላይፕዚግ ላይ ናፖሊዮንን ካሸነፉት አዛዦች አንዱ ሆነ፤ ፊልድ ማርሻልም ተባለ። ወታደሮቹ «ማርሻል ወደፊት» ይሉት ነበር። በ1814 መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ በተከታታይ ተመትቶም ወደ ፓሪስ መሄዱን አልተወም።

ደግሞ የምወድለት ነገር፣ የራሱን ጉድለት ያውቃል። እቅድ የሚያወጣለት ኤታማዦር ሹሙ ግናይዘናው ነበር፤ ብሉኸርም ይህን አይደብቅም። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የክብር ዶክተርነት ሲሰጠው፣ እኔ ዶክተር ከሆንኩ ግናይዘናው መድኃኒት ቀማሚ ይባል፣ ክኒኑን የሚሠራልኝ እሱ ነው ብሏል። ጓደኛሽን እስካሁን አላነጋገርሻትም አይደል? የወሰነው አለቃችሁ ነው፣ እሷ ምን አደረገችሽ?

በጣም ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ሰኔ 1815ን ነው። ወድቆ የነበረው ናፖሊዮን ተመልሶ መጥቷል፤ በ16ኛው ቀን ብሉኸርና ጦሩ ቤልጂየም ውስጥ ሊኒ ላይ በእሱ ተሸነፉ። ብሉኸር 72 ዓመቱ ነው፣ ፈረሰኞቹን ራሱ እየመራ ሲሮጥ ፈረሱ ተመታና በላዩ ወደቀበት። የፈረንሳይ ፈረሰኞች አጠገቡ ሲያልፉ አላወቁትም። ረዳቱ ኖስቲትስ ጥሎት አልሸሸም፣ እስኪጨልም አጠገቡ ቆሞ በኋላ አወጣው። ሰውነቱን በአልኮልና በነጭ ሽንኩርት አሹት። በ18ኛው ቀን ጠዋት፣ ያ ቁስለኛ ሽማግሌ ፈረስ ላይ ነበር። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ሆኗል፣ መድፍ ይሰምጣል፣ ወታደሩ አልቻልንም ይላል። እሱ በመካከላቸው እየተመላለሰ ለእንግሊዙ አዛዥ ለዌሊንግተን ቃል ገብቻለሁ፣ ቃሌን እንድበላ ትፈልጋላችሁ? ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ጦሩ በናፖሊዮን ጎን ፕላንስኖዋ ላይ ብቅ አለ፤ ማታ የዋተርሉ ጦርነት በናፖሊዮን ሽንፈት አበቃ። እዚያ ያለቀው ሰው ብዛት ሁሌም ልቤን ያሳዝነዋል፣ ጦርነት ላወድስልሽ አይደለም የጻፍኩት። ያ በጭቃ የሄደው ጉዞ ብቻ ነው የማይረሳኝ።

በ1819 በ76 ዓመቱ ሲሌዢያ ውስጥ ቤቱ ሞተ። ታሪኩ እስከዚህ ነው።

ልጄ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔና እናትሽ እንደውላለን። ስልክሽን ክፈቺው። ሥራ ጀመርሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ ድምፅሽን ብቻ ልስማ።

አባትሽ