ዕድሜዋን የደበቀችኝ ኮከብ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቁጣህን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። አሁን የጠፋሁበትን ልንገርህ፤ አንዲት ፀሐይን የምትመስል ኮከብ ናት።

የእንዲህ ዓይነት ኮከብ ዕድሜ በመልኳ ብቻ አይታወቅም። የሚያሳብቅባት አዟዟሯ ነው። በልጅነቷ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ከላይዋ የሚወጣው ነፋስ ግን በመግነጢሳዊ መስኳ ተይዞ እየራቀ ሲሄድ ሽክርክሪቷን በጥቂት በጥቂቱ ይወስድባታል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አንድሪው ስኩማኒች በ1972 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን አሳየ፦ ዕድሜዋ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቷ በግማሽ ይወርዳል። ፀሐያችን በ4.6 ቢሊዮን ዓመቷ አንዱን ዙር በ25 ቀን ገደማ ትጨርሳለች።

እኔም ኬፕለር የተባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ አውርጄ ቁጭ አልኩ። ጥቁር ነጠብጣቧ ወደ እኛ ሲዞር ብርሃኗ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲያልፍ ይመለሳል። ግራፉ ላይ ጎድጎድ ያሉትን ቆጠርኩ። በየ12 ቀን ተኩል። ሒሳቡ አንድ ቢሊዮን ዓመት ከምናምን ሰጠኝ። ልጅ ናት! ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ ስፔክትረሟን፣ ማለትም ብርሃኗ በየቀለሙ ተዘርግቶ ሲታይ፣ አየሁና ክው አልኩ። ወጣት ኮከብ መግነጢሷ ስለሚያይል የላይኛው ከባቢዋ ይግላል፤ ሐምራዊው ብርሃን ውስጥ ካልሲየም በሚፈጥራቸው ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ በእያንዳንዳቸው እምብርት ላይ፣ ደመቅ ያለ ጫፍ ብቅ ይላል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኦሊን ዊልሰን ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሊፎርኒያ ባለው የማውንት ዊልሰን የከዋክብት መመልከቻ ሲከታተል የኖረው ይህንኑ ነበር። የእኔዋ ግን ጭጭ ብላለች። ይቺ የልጅ ጠባይ አይደለችም።

ወደ ግራፉ ተመለስኩ። ለካ ጉድጓዶቹ እኩል አይደሉም! አንዱ ጠለቅ፣ ቀጣዩ ሳሳ፣ እንደገና ጠለቅ። ነጠብጣቦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በፊቷ፣ ሌላው በጀርባዋ። አንዱን ዙር ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ትክክለኛው 25 ቀን ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ዕድሜው አራት እጥፍ፤ ልጅ ያልኳት የፀሐይ እኩያ ሆና አረፈችው።

ይህም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። ተጠግታ የምትዞራት ጓደኛ ካለቻት ስበቱ አዟዟሯን ያፈጥነዋል፣ አሮጊቷም ወጣት ትመስላለች። ደግሞ ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ ያ ነፋስ የሚይዝባት ፍሬን የሚላላ ይመስላል፤ ስለዚህ ከፀሐይ የሚያረጁትን በዚህ የሽክርክሪት ሰዓት መለካት አልደፍርም።

ግራፉን አያይዤልሃለሁ። ከላይ የጻፍኩትን እርሳውና እስቲ ጉድጓዶቹን ቁጠራቸው። አንተም 12 ተኩል ካልክ ቁጣህን ግማሹን ትተውልኛለህ።