ብሩን ኖራ ገዛሁበት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህም እህቶችህም ሰላም ብለውሃል።

ለዩሪያ ብለህ የላክኸው ብር ደርሶኛል። ዩሪያ ግን አልገዛሁበትም፤ ኖራ ገዛሁበት። በስልክ ስነግርህ ግራ ስለገባህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልህ ወደድሁ። ነገ ይህን መሬት የምትይዘው አንተ ነህና።

ከቤታችን በላይ ያለውን የገብስ ማሳ ታውቀዋለህ። ማዳበሪያ በየዓመቱ ይጨመርለታል፤ ገብሱ ግን ገና በቡቃያው ይገረጣል። አምና ነሐሴ ላይ ጥቂቱን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ አጭርና ደንደን ያለ ነው፤ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ያ እንደ ፀጉር የሚበተነው ቀጭን ሥር የለም። በዚህ ሥር ምን ሊጠጣ፣ ምን ሊበላ?

ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆነን ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ስንዝር ያህል እየቆፈርን አፈር ወሰድን። ቀላቅለን አንድ ኪሎ ያህሉን ለምርመራ ላክን። ፒኤች የሚሉት የአሲድነት መለኪያ 4.8 ሆኖ መጣ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ባለሙያው ሲያስረዳኝ፣ ከ5.5 ከወረደ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል አለኝ። ፎስፈረሱንም አጥብቆ ስለሚይዘው ሰብሉ አያገኘውም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ማዳበሪያ መጨመር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጎጃምም፣ አዊም፣ ወለጋም ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ሁሉ ይኸው ነው። ዝናቡ አፈሩን ከአሲድነት የሚጠብቁትን ካልሲየምና ማግኒዥየም አጥቦ ይወስዳል። እህሉም ገለባውም ከማሳው ወጥቶ አይመለስም። ዩሪያውም ራሱ በተጨመረ ቁጥር አሲድነቱን ያብሳል፤ ይህን የሚነግረን ሰው ቀድሞ ቢመጣ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ኖራውን በሚያዝያ፣ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ በተንነው። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ሸፍነን ነበር፤ ዱቄቱ ደረት ይጎዳል። ወዲያው በሬ ጠምደን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልነው። ላይ ላዩን ተነስንሶ ከቀረ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ከመዝራትም አንድ ወር ያህል መቅደም አለበት። ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ሰባት ኩንታል ተኩል ወጣ፤ ሄክታሩ 30 ኩንታል ማለት ነው። ልኩን ግን የሚወስነው ምርመራው እንጂ የጎረቤት ወሬ አይደለም። ደግሞ ኖራ ማዳበሪያ እንዳይመስልህ። አሲዱን ያበርዳል፣ ማዳበሪያው እንዲሠራ መንገድ ይከፍታል፤ በራሱ አያበላም። ደግነቱ በየዓመቱ አይጨመርም፤ አንዴ በደንብ ከተደረገ ለዓመታት ይቆያል።

ፍጉንም ወደ ማሳ እንመልስ ብዬ ከእናትህ ጋር ተነጋግረናል። እስካሁን ኩበቱን እየጋገርን ምድጃ ውስጥ ስንከተው ኖረናል። ያ ሁሉ የመሬቱ ቀለብ ነበር። ባሕር ዛፍ ይተከል ያልኸውን አልጠላሁትም፤ ለማገዶ የሚበቃን ያህል ከወንዙ ማዶ ባለው ድንጋያማ ቦታ እንተክላለን። ኩበቱን የሚያተርፍልን እሱ ነው። ማሳውን በሙሉ ግን አልሰጠውም። ገንዘቡ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ገብስና ስንዴ የሚበቅልበትን መሬት ጉቶ ሞልቶት እንድትረከበኝ ግን አልፈልግም።

ከታች ያለው ማሳ ዘንድሮ ግብጦ ይዘራበታል። ግብጦ አሲዱን ይችላል፤ ናይትሮጅንም ለአፈሩ ይተውለታል። የሱ ኖራ ለከርሞ ነው።

እናም ልጄ፣ የከርሞውን ብር በጥር ላክልኝ። መንገዱ ደረቅ ሳለ መኪና አግኝቼ ኖራውን ላስመጣው፤ ዝናብ ከጀመረ እዚህ ድረስ የሚወጣ አይገኝም።

አባትህ