ቄሱ ቅድመ አያቴና የጋዜጣው ማስታወቂያ

ይድረስ ለውድ ወንድሜና አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ከተጻጻፍን ስንት ዘመናችን! ያኔ ልጅህ ገና ድክድክ ይል ነበር፤ አሁን መንጃ ፈቃድ አወጣ ሲሉ ሰማሁ። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ማን ማንን ይወቅሳል፣ እንተወው። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ጉዳይ አለ፤ መጨረሻ ላይም የማስቸግርህ ነገር አይጠፋም።

የእህቴ ትልቋ ልጅ ልትዳር ነው። እጮኛዋ የቡልጋ ሰዎች ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ሁለቱ ወገን ቁጭ ብሎ ዘር መቁጠር ጀመረ። መቼም ሰባት ቤት ሳይቆጠር እሺ የሚል የለም። በእኛ በኩል ከልጅቷ ተነስተው እህቴ፣ አባታችን፣ አያታችን እያሉ ወጡና አምስተኛው ላይ፣ ቄሱ ቅድመ አያታችን ጋ ሲደርሱ ቆመ። የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ጠፋ። ጭራሽ አጎቴ «እሳቸውም እኮ ቡልጌ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ» ብለው ጣል አደረጉበት። እህቴ የያዘችውን የቡና ሲኒ አስቀምጣ ወጣች።

ታውቀኛለህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። በቤተሰቡ የሚወራው ቄሱ አዋቂ እንደነበሩ፣ «ጋዜጣ ላይም ወጥተዋል» እየተባለ ነው። የትኛው ጋዜጣ፣ መቼ፣ ማንም አይልህም። አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በምኒልክ ጊዜ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ የሚታደል ነበርና ከዚያ ብዙ አልጠበቅሁም። ብርሃንና ሰላም ግን ከ1917 ጀምሮ በየሐሙሱ ይወጣ የነበረ፣ ስለ ቤተ ክህነትም ይጽፍ የነበረ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር፣ ቀጥሎም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ እያልኩ ገባሁበት። ማውጫ ብሎ ነገር የለም፤ ገጽ በገጽ ነው። የምትፈልገውን ትረሳና የነጋዴ ማስታወቂያና የተማሪ ግጥም ስታነብ ይመሽብሃል።

የቀሳውስት ነገር ደግሞ ለፈላጊ አይመችም። ሰውየው ዲያቆን ብለው ይጀምራሉ፣ ቄስ ይሆናሉ፣ መሪጌታ ወይ አለቃ ይባላሉ፣ ሲመነኩሱ ስማቸው ራሱ ይለወጣል። የአባት ስም የሚባል አብሮ አይጻፍም። አቡነ ጴጥሮስን እንኳ ውሰድ፤ በ1921 ጳጳስ ሆነው ከመሾማቸው በፊት መምህር ኃይለ ማርያም ነበሩ። ስማቸውን ብቻ ይዞ የቀደመውን ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆኑ የእኛውን ቄስ አስበው።

ያም ሆኖ አገኘኋቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ዜና ላይ ነው። በዓሉ ላይ የተገኙት ካህናት ተዘርዝረዋል፤ መካከል ላይ የእኛው ቄስ፣ ጎጃም ተወልደው ዋሸራ ቅኔ ያስመሰከሩ ተብለው ተጽፈዋል። ቡልጋ የሚል አንድም ፊደል የለም! ብቻዬን መሳቄን ያየ ልጅ ቀና ብሎ ገላመጠኝ። ቡልጋ ያገለገሉበት አገር ይሆናል እንጂ የትውልድ አገራቸው አይደለም።

ሁለተኛው ግን አላሳቀኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በወጣ እትም፣ ቀድሞ ቄስ እገሌ ይባሉ የነበሩት ተብሎ በአዲስ ስም፣ ከመነኮሳቱ ጋር ተቆጥረዋል። አንተ የዲቁና ተማሪ ስለነበርክ ትርጉሙ አይጠፋህም። ቄስ አንዴ ነው የሚያገባ። ሚስት የሞተችበት ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ ያገባና ክህነቱን ይተዋል። ስለዚህ በነዚያ ሁለት እትሞች መካከል ቅድመ አያቴ ሴቲቱ ሞተዋል ማለት ነው። ጋዜጣው ስለ እሳቸው አንድ ቃል አልጻፈም፤ መሞታቸውን ያወቅሁት በባላቸው ማዕረግ ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነቱን ልንገርህ።

ከዚያ በኋላ ጸጥ ነው። ጣልያን ገባ፣ ብርሃንና ሰላም ቆመ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአደባባይ ተረሸኑ፤ በማግስቱ ዓመት በግንቦት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ላይ የሆነው ሆነ። ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ማስገደሉን ራሱ ይናገራል፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ለብቻ ናቸው። የአጎቴ አፍ «እሳቸውም እዚያው ነው ያለቁት» ለማለት ይቸኩላል። እኔ ግን የጽሑፍ ማስረጃ ሳላይ አልቀበልም ብዬዋለሁ።

ነገሩን የፈታው ከሁሉም የማይረባ የሚመስለው ነው፤ በ1950ዎቹ አዲስ ዘመን የወጣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ። ጉለሌ ትኖር የነበረች፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ሞታለች፤ ወራሾች ነን ባዮች ወንድምና እኅት ናቸው፤ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ። የሟች ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አባቷ ቄሳችን፣ በዓለማዊ ስማቸው። ሦስተኛው ስም እንግዲህ የቄሱ አባት ናቸው፣ ስድስተኛው ቤት! ወንድም ነኝ የሚሉትም የራሴ አያት። ሊቃውንቱን የዘረዘረው ጋዜጣ ያልነገረኝን የአንድ ጎጆ ውርስ ነገረኝ። ቤቱ ባይኖር እነዚህን ሴቶች ማን ይጽፋቸው ነበር?

እኅት የተባሉትን ግን ማንም አያውቃቸውም። አድራሻቸው ፍቼ ይላል። አጎቴን ብጠይቃቸው «አባቴ እኅት ነበረችኝ ብሎ አያውቅም» ብለው ተኮሳተሩ፤ ሟቿንም አላስታወሱም፣ ወይም ማስታወስ አልፈለጉም።

ሽማግሌዎቹ በስድስተኛው ስምና በጎጃሙ ነገር ረክተዋል፤ የልጁ ወገን በአባትም በእናትም ከቡልጋ ያልወጣ ነውና ሰባተኛውን አልጠየቁም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ብትመጣ ደግሞ እንዴት ደስ ባለን።

አሁን ማስቸገሬ። አክስትህ ጉለሌ አይደል ያደጉት? በ1950ዎቹ ወጣት ነበሩ። ጠይቅልኝ፦ ብቻዋን የምትኖር፣ የቄስ ልጅ የምትባል ሴት ያስታውሳሉ? ለቅሶዋ ላይ ከፍቼ የመጣች እኅት ነበረች? የማስታወቂያውን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ስሞቹን ቀስ ብለህ አንብብላቸው። ከቡና በፊት ግን እንዳትጀምር፣ እንደ ድሮው ከሆኑ ያባርሩሃል።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ