ሽቦው ስለምን ተነቀለ?

ይድረስ ለከተማችን የመናፈሻዎች ክፍል ኃላፊ
ሚኒሶታ

ጉዳዩ፦ በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ ስለተነቀለው የድምፅ ማጉያ ሽቦ

ክቡር ሆይ፣

በአደባባይ ልጽፍልዎ የተገደድኩት ሁለት ጊዜ በኢሜይል፣ አንድ ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜም በአካል ያቀረብኩት አቤቱታ «መልእክትዎ ደርሶናል» ከሚል፣ የሰው እጅ ካልነካው መልስ በቀር ምንም ስላላስገኘልኝ ነው። ቢሮዎ ስመጣ ጉዳዩ የብዝኃነት ክፍሉ ነው ተባልኩ፤ ያ ክፍል ደግሞ የመናፈሻ ፈቃድ እንደማይመለከተው ነግሮ ወደ እርስዎ መለሰኝ።

ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር በመናፈሻው መድረክ የሙዚቃ ዝግጅት ሲያቀርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድምፅ ማጉያ ሊጠቀም ይችላል፤ የቤተሰብ ግብዣ ግን አይችልም። እኛ በማመልከቻው ላይ «የሙዚቃ ዝግጅት» ብለን ሞልተን፣ 300 ዶላር መያዣ ከፍለን ፈቃዱን ተቀበልን። ከቢሮዎ አንድ ሰው ጽሑፋችንን በእስክሪብቶ ሰርዞ «የቤተሰብ ግብዣ» ብሎ እንደለወጠው ያወቅነው በዕለቱ፣ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛዎ መጥተው ሽቦውን ሲነቅሉ ነው።

በዚያች ሰዓት መድረክ ላይ የነበሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ድምፁ ሲጠፋባቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደፊት መጡ፤ ልጆቹ ደግሞ በዓሉ ያለቀ መስሏቸው ከበሮውን መሸፈን ጀመሩ። አዛውንቱ ግን እንደ አዝማሪ ወግ በቦታው ገጥመው ለሠራተኛዎ እንዲህ አሏቸው፦

ሽቦውን ንቀለው፣ ምን ቸገረኝ እኔ፣
ከፈረስ ጭራ ነው የሚወጣው ቅኔ።

ሠራተኛዎ የተመሰገኑ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እኛም ሳቅን፤ መሳቃችን ግን ንዴታችንን አላበረደውም።

በዚያው መድረክ በበጋው በየሳምንቱ ጊታርና ከበሮ እስከ ምሽት ሲጮኽ፣ ያ ሙዚቃ የማን ቤተሰብ ግብዣ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከመድረኩ አጠገብ ተከታታይ ኮንሰርቱ በግዛቱ የቅርስ ገንዘብ መደገፉን የሚገልጽ ምልክት ቆሟል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የሚኒሶታ መራጮች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የሽያጭ ታክሱ በ0.375 በመቶ እንዲጨምር፣ ከጭማሪውም 19.75 በመቶው እስከ 2034 ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ እንዲውል ወሰኑ። ልብስና አስቤዛ ከታክሱ ነፃ ቢሆኑም እኔ የታክሲዬን ጎማ በቀየርኩ ቁጥር እከፍላለሁ። ስከፍል ደግሞ ገንዘቤን ሰርዞ «የቤተሰብ መዋጮ» ብሎ የመለሰልኝ የለም።

ዝነኛውን ሙዚቀኛ ፕሪንስን ያፈራችው፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ የነበረውን ቤት ፈርስት አቬኑ የተባለ ስመ ጥር የሙዚቃ አዳራሽ ያደረገችው ሚኒያፖሊስ ጎረቤታችን ናት። በእንዲህ ያለ አገር ሙዚቃን ከግብዣ መለየት የሚቸግረው ቢሮ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ስላለው ይሆን ከሙዚቃ መሣሪያ ያልተቆጠረው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ደንብ በመጣስ ስም የያዛችሁት 300 ዶላር ይመለስ፣ መዝገቡ ይታረም፣ ማመልከቻውን የሰረዘው ሰውም በምን ሥልጣን እንደሰረዘው በጽሑፍ ይገለጽልን።

ሽቦው በተነቀለ በሳምንቱ ከዚያው ከቢሮዎ ሌላ ኢሜይል ደርሶናል። ለከተማው ማስተዋወቂያ መጽሔት የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ልጆቻችንን ፎቶግራፍ እንድንልክ በትሕትና ይጠይቃል። ከዕለቱ ፎቶግራፎች ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው ልጆቹ መድረኩ ሥር ተደርድረው፣ ሠራተኛዎ ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ከኋላቸው የቆሙበት ነው። ከፈለጉት እንልክልዎታለን።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ