ሚጣዬ፣ ነርሲንግ ልትመርጪ ነው አሉ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ስኳርስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ጥሏል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሠርቼ ገብቼ፣ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

የላክሽውን ቮይስ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው፤ ጓደኞችሽ «ነርሲንግ ግቢ፣ ውጭ ያስወጣል» ብለውሻል፤ አባዬ ደግሞ «የሰው ሽንት ልትደፊ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ» ብሎ ተኮራርፋችኋል።

ለአባዬ ልዕልት ፀሐይን አስታውሺልኝ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ተሰደው ሳሉ፣ ልጃቸው ለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመረቀች። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታልም በስሟ ነበር የተሠራው። የንጉሥ ልጅ ያልናቀችውን ሥራ አባዬም አይንቀው።

«ውጭ ያስወጣል» የሚለው ውሸት አይደለም። እኔም የገባሁት ለእንጀራ ነው፣ አላፍርበትም። እዚህ እንደመጣሁ ያገኘሁት አበሻ ሁሉ «ሲኤንኤ ውሰጂ» ነበር የሚለኝ፤ የነርስ ረዳትነት ማለት ነው፤ ትምህርቱ አጭር ነው፣ ሥራው አይጠፋም። ኋላ ኮሌጅ ስገባ አስተማሪዋ ለምን ነርሲንግ እንደመረጥን አንድ በአንድ ጠየቀችን። ካሜሩኗም፣ ፊሊፒኗም፣ እኛም «ሰው መርዳት እወዳለሁ» አልን። እረፍት ላይ ግን ወሬያችን የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላክ ብር ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ግን መንገዱን እወቂው። አገር ቤት በዲግሪ ተመርቀው መጥተው፣ ትራንስክሪፕታቸው ከዩኒቨርሲቲው እስኪላክና እስኪመረመር ዓመታት በሲኤንኤነት የሠሩ አብረውኝ አሉ። ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ በደንብ በመለስሽ ቁጥር የሚከብድ ጥያቄ ያመጣል፤ በ85 ጥያቄ ሊያበቃ ይችላል፣ እስከ 150ም ሊሄድ ይችላል፣ የተሰጠሽ 5 ሰዓት ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድም ፕሮሜትሪክ የሚሉትን የፈቃድ ፈተናና የሥራ ልምድ ይጠይቁሻል። ዲግሪው ብቻውን አውሮፕላን ላይ አያወጣሽም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ትናንት ሌሊት አንድ መነሳት የማይችሉ ሽማግሌ ነበሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳገላብጣቸው ተረከዛቸው ቀልቶ አየሁ። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ካልነጣ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። (እንደኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይለይ ሙቀቱንና መጠንከሩን በእጅ ነው የምናየው።) ነጣ! ትራስ ከባታቸው ሥር አድርጌ ተረከዛቸው አልጋውን እንዳይነካ አነሳሁት። እሳቸው አልነቁም፣ ማንም አላየኝም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነጋሁት። ለእንጀራ ገብቼ የቀረሁት በዚህ ነው፤ ይህ ደስታ የሌላቸው ጓደኞቼ ገንዘቡ እያለም በሁለት በሦስት ዓመት ተሰላችተው ሲወጡ አይቻለሁ።

ስለዚህ ጓደኞችሽን ተያቸውና አንድ ነገር አስቢ። ባለፈው የእማዬ ስኳር ወርዶ ላብ ሲያጠምቃት ማንም ሳያዝሽ ስኳር በጥብጠሽ አጠጥተሽ፣ እጇን ይዘሽ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አነጋሽ። ያን ሌሊት ምን ተሰማሽ? ፈርተሽ መሸሽ አማረሽ ወይስ ሌላ ቦታ መሆን አልፈለግሽም? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሁለተኛው ከሆነ ሳታመነቺ ነርሲንግን ሙዪ። ካልሆነ ሌላ ምረጪ፣ ወጪውን እኔ አለሁ።

እሁድ ደውዪልኝ፣ አባዬንም አቅርቢልኝ። እስከዚያው የእማዬን እግር ማታ ማታ እዪላት፣ በጣቶቿ መሃል ጭምር። ትንሽ ጭረት ብታገኚ እንኳ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እህትሽ